እጥበቱ የአባቴን ልብ እየጎዳው ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ከጀመሩ ቆይተዋል። በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ነው። አንዳንዴ ማሽኑ ላይ እያሉ ግፊታቸው ወርዶ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ሲወጡም ድክም ይላቸዋል። አሁን ደግሞ በልብ አልትራሳውንድ «ልባቸው ደክሟል» ተባልን። ማሽኑ ነው የጎዳቸው? ሰዓቱን ብናሳጥርላቸውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰዓቱን እንዳታሳጥሩ! ማሳጠሩ ነገሩን ያባብሰዋል።

ልብን የሚጎዳው መጀመሪያ የኩላሊት ሕመሙ ራሱ ነው። ደም ግፊቱ፣ ደም ማነሱና የሚጠራቀመው ውሃ ገና እጥበት ሳይጀመር የልብን ጡንቻ ያወፍሩታል። ግን ማሽኑም ነፃ አይወጣም። ጤነኛ ኩላሊት ሌት ተቀን ቀስ እያለ የሚያወጣውን ውሃ፣ ማሽኑ የሁለት የሦስት ቀኑን በ4 ሰዓት ይስበዋል። የሚስበው ደግሞ ከደም ሥር ነው፤ ሰውነት ውስጥ ያበጠው ውሃ ወደ ደም ሥር እስኪመለስ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ከፈጠነ ግፊት ይወርዳል፣ ለልብ ጡንቻ የሚደርሰው ደምም ያንስና ከፊሉ ለጊዜው መኮማተር ያቅተዋል። ይህ ሲደጋገም ጠባሳ ይተዋል።

ስለዚህ ዋናው ፍጥነቱ ነው። ብዙ ሐኪሞች በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ13 ሚሊ ሊትር በላይ እንዳይወጣ ይጠነቀቃሉ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ4 ሰዓት 3.6 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ይሄው ሰው 5 ሊትር ትርፍ ውሃ ይዞ ቢመጣ 5 ሰዓት ተኩል ያስፈልገዋል፤ ታዲያ ማሳጠር ከየት መጣ?

ቤት ውስጥ ጨው ቀንሱላቸው። ጨው እየበሉ «ውሃ አይጠጡ» ማለት ዋጋ የለውም፣ ይጠማቸዋላ። ሐኪማቸውን ደግሞ ደረቅ ክብደታቸው (ትርፉ ውሃ ሲወጣላቸው የሚኖራቸው ክብደት) እንደገና ይታይ እንደሆነ፣ የማሽኑ ፈሳሽ ትንሽ ቀዝቀዝ ቢል (ግፊት እንዳይወርድ ሊረዳ ይችላል)፣ የግፊት መድኃኒቱም በእጥበት ቀን መቼ ይዋጥ ብላችሁ ጠይቁ። በራሳችሁ እንዳታቆሙት። ቀን መዝለልማ አይታሰብም፦ ረጅሙ የ2 ቀን ክፍተት ራሱ ውሃና ፖታሺየም የሚከማችበት፣ የልብ ምት የሚዛባበት አደገኛ ጊዜ ነው። የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ ተራ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አልትራሳውንዱን መቼ ተነሱ? ውሃ ሞልቷቸው ወይም ከማሽን እንደወረዱ ከሆነ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። ደረቅ ክብደታቸው ላይ ሲደርሱ፣ እጥበት በሌለበት ቀን ይደገምላቸው።