ያበጠ ቬኒር፦ ልጠግነው ወይስ እንደ አዲስ ልሥራው?

ከአዳማ አንድ ወጣት አናጺ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ለደንበኛ የምግብ ጠረጴዛ ሠርቼ ነበር። ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ) ላይ የዋንዛ ቬኒር በማስቲሽ ለጠፍኩ። ስጨርስ እንከን አልነበረውም። ቫርኒሽ ከቀባሁት በኋላ ግን እዚህም እዚያም አበጠ፤ ጫፉም ዙሪያውን እየተነሳ ነው። ልጠግነው ወይስ እንደ አዲስ ልሥራው?»

ቬኒሩን አትውቀስ ወንድሜ፤ ጥፋቱ የማስቲሹ ነው። ማስቲሽ ለፎርማይካ ይስማማል፤ ፎርማይካ ፕላስቲክ መሰል ንጣፍ ስለሆነ ቫርኒሽ አያስገባም። ቬኒር ግን 0.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ያለው እውነተኛ እንጨት ነው። እርጥበት ሲያገኝ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ማስቲሽ ከደረቀም በኋላ እንደ ላስቲክ ስለሚለጠጥ አጥብቆ አይዘውም። በዚያ ላይ የቫርኒሹ ቲነር በስሱ እንጨት ሰርጎ ማስቲሹን መልሶ ያላላዋል።

ጠረጴዛውን በጥፍርህ ዙሪያውን አንኳኳው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ በጠመኔ አክብበው። ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ከሆነ ካውያ ይሞከራል። እንፋሎት የሌለው፣ መካከለኛ ሙቀት፣ ከሥሩ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ። ሲሞቅ ካውያውን አንሳና እስኪበርድ ድረስ በለስላሳ የእንጨት ቁራጭ ተጭነህ ያዘው። ቫርኒሹ ሊነጣ ስለሚችል መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ላይ ሞክር። በመርፌ ቪናቪል (ነጩን የእንጨት ሙጫ) የመውጋቱን ዘዴ ሰምተህ ይሆናል። እሱ የሚሠራው ቬኒሩ ሲጀመር በቪናቪል ከተለጠፈ ነው፤ የደረቀ ማስቲሽ ላይ ቪናቪል አይይዝም።

ያንተ ግን ጫፉ ዙሪያውን ተነስቷል። እንደ አዲስ ሥራው። እኔ ብሆን የድሮውን ኤምዲኤፍ ትቼ አዲስ እቆርጣለሁ። ማስቲሹን በቲነር አጥቦ፣ ፍቆ፣ እስኪጠራ መላጉ ከሰሌዳው ዋጋ በላይ ጉልበት ይበላል። የግድ ልጠብ ካልክ ውጭ ሆነህ እጠብ፤ ሲጋራም ሆነ ከሰል አጠገብህ አይኑር።

አሁን ቬኒሩ በታችም ይለጠፋል። «ታቹን ማን ያየዋል?» ትለኝ ይሆናል። ማንም አያየውም፤ ግን በአንድ ወገን ብቻ የተለጠፈ ሰሌዳ ይጎብጣል። ለታች ርካሽ ቬኒር ይሆናል፣ ውፍረቱና የእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ግን ከላይኛው ጋር አንድ ይሁን። ከመለጠፍህ በፊት ቬኒሩን ጥቂት ቀን ወርክሾፕህ ውስጥ በሁለት ሰሌዳ መሃል አቆየው፤ የቤቱን አየር ይልመድ። ከተጨማደደ በስሱ ውሃ እርጭበት፣ በወረቀት መሃል አድርገህ ክብደት ጫንበት፣ እስኪደርቅም ወረቀቱን ቀያይር።

ቪናቪሉን ኤምዲኤፉ ላይ ብቻ ቀባ። ቬኒሩን ከቀባኸው ይጠቀለልብሃል። በሩሎ ስስና እኩል አድርገው፤ የሚያብለጨልጭ ኩሬም ደረቅ ቦታም አይኑር። ሙጫው አይጠብቅህም። ስለዚህ መገጣጠሚያዎቹን በፊት ለፊት በኩል በወረቀት ፕላስተር አስቀድመህ ያዛቸው፣ ሞርሳዎቹንም (ማጥበቂያዎቹን) በየቦታቸው ደርድር።

ፕሬስ (ሰሌዳ መጫኛ ማሽን) ከሌለህ፣ የብዙዎቻችን ወርክሾፕም የለውም፣ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ሞርሳ የሚደርሰው ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ መሃሉ ሳይጫን ይቀርና ያብጣል። መፍትሔው በመላጊያ ይሠራል። ጠረጴዛውን በአግድም የሚያቋርጡ ጠንካራ ሞራሌዎች (ወፍራም የእንጨት ዘንጎች) አዘጋጅ። የያንዳንዱን ሞራሌ የሚጫን ፊት ወደ ሁለቱ ጫፎች አሳሳው፤ መሃሉ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቅር። ጫፎቹን ስታጠብቅ መሃሉ ቀድሞ ይጫናል፣ ትርፉ ሙጫም ወደ ውጭ ይሸሻል። ከላይና ከታች አንዳንድ ወፍራም ሰሌዳ አድርግ፤ በሰሌዳውና በቬኒሩ መሃል ፕላስቲክ አንጥፍ፣ አለዚያ ሰሌዳውም አብሮ ይለጠፋል። ሞራሌዎቹን በ15 ወይም በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ደርድር። ከመሃለኛው ሞራሌ ጀምረህ ወደ ዳር እያጠበቅህ ሂድ። እስከ ነገው አትንካው።

ስትፈታው ውኃው ገና አልወጣም። ሁለቱም ፊት አየር እንዲያገኝ ሰሌዳውን በጠርዙ አቁመውና ጥቂት ቀን ታገሥ። ደንበኛውን «ነገ ይደርሳል» አትበለው፣ በኋላ አንተው ነህ የምትጨነቀው።

ለጠርዙ ሞርሳ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ቪናቪል ጠርዙም ቬኒሩም ላይ ቀብተህ ግልጽ እስኪሆን አድርቀው፣ ከዚያ በካውያ ለጥፈው። ሙቀት ሙጫውን መልሶ ያቀልጠዋል።

ብርጭቆ ወረቀት ከ150 ጀምር፣ በእንጨት ላይ ጠቅልለህ በእጅህ፣ በመስመሩ አቅጣጫ። ማሽን ካስነሳህበት ዋንዛውን አልፈህ ኤምዲኤፍ ታያለህ። ቫርኒሹን ስስ ስስ አድርገህ ደራርብ፤ ታችኛውንም ፊት ሳትቀባ እንዳታስረክብ።