መልስ፦ ካላዲየምሽ አልሞተም፣ ተኝቶ ነው

ሰላም እህቴ፣ አዲስ አበባ ያለው ካላዲየምሽ (ባለ ቀለም ቅጠሉ የሚያምረው የጌጥ ተክል) ከኅዳር ጀምሮ ቅጠሉ እየገረጣ ሙሉ በሙሉ ስለረገፈ ልጣለው ወይስ ውሃ ልጨምርለት ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ ሁለቱንም አታድርጊ! የትውልድ ቦታው ሞቃቱ የደቡብ አሜሪካ ክፍል ነው፤ እዚያ በጋ ሲገባ ቅጠሉን ጥሎ አፈር ውስጥ ባለው ድንች መሰል ሥሩ ዝናብ ይጠብቃል። አሁን የሚገድለው ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑበት ነው።

ድንቹን አውጥተሽ በጣትሽ ጫን በይው። ጠንከር ካለ ጤነኛ ነው፤ የለሰለሰና የሸተተ ቦታ ካለው እስከ ጤነኛው ክፍል ድረስ ቁረጪለት። አፈሩን አራግፈሽ በደረቅ ሰጋቱራ ወይም በጋዜጣ ሸፍኚና ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በማይወርድበት ቦታ አስቀምጪው። የታኅሣሥ ሌሊት ከዚያ በጣም ስለሚቀዘቅዝ በረንዳ ላይ እንዳትተዪው።

ማባዛት ከፈለግሽ፣ አየሩ ሞቅ ሲልና ዐይኖቹ (ቡቃያ የሚወጣባቸው ቦታዎች) ማበጥ ሲጀምሩ በንጹሕ ቢላ ከፋፍዪው። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ዐይን ይኑረው፣ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። የተቆረጠው ፊት አንድ ሁለት ቀን ሳይደርቅ አትትከዪ፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ዐይኑን ወደ ላይ አድርገሽ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሪው፣ ቅጠል እስኪያወጣ ውሃ ቆጥቢ። መክፈል ካልፈለግሽ መሐል ያለውን ትልቁን ዐይን ብቻ ጎርደሽ አውጪ፤ የጎኖቹ ይነሡና ቅጠሉ ይበዛል፣ መጠኑ ግን ያንሳል።

ጓንት አድርጊ፤ የጎደሬ ዘመድ ስለሆነ ፈሳሹ ያሳክካል። ሕፃናትም ወደ አፋቸው እንዳያስገቡት።