ብርቱካናማ ግድግዳ ለጠባብ ሳሎን ይከብዳል?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። እናቴ የድሮ ቡፌዋን ሰጠችኝ፣ እግሩ ወደ ታች ሾጠጥ ያለ፣ ተንሸራታች መስታወት ያለው። የዛን ዘመን ስታይል ስለምወድ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ብርቱካናማ ልቀባው ነው፣ ባለቤቴ ግን ቤቱ ጠባብ ነው ነጭ ይሁን አለ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀቢው! ጠባብ ቤት የግድ ነጭ መሆን አለበት የሚባለውን ነገር እኔ በፍፁም አልቀበለውም። ደማቅ ቀለም ለኛ ባዕድም አይደለም፣ አፍሪካ አዳራሽን እዪው፣ በ1953 ዓ.ም. ነው የተመረቀው፣ አፈወርቅ ተክሌ የሰሩለት ባለቀለም መስታወት ብቻውን 150 ካሬ ሜትር ነው፣ ያን ያየ ሰው እንዴት ቀለም ይፈራል!

ግን አንድ ግድግዳ ብቻ ቀቢ፣ ሌላውን ክሬም አድርጊው፣ የባለቤትሽም ሀሳብ ይከበራል። ደማቅ ቀለም ትንሿ ናሙና ላይ ካየሽው ይልቅ ሙሉ ግድግዳ ላይ ሲሆን ይጠነክራል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ትልቅ ካርቶን ቀብተሽ ቡፌው ጀርባ አቁሚውና ጠዋትም ማታም አምፖል አብርተሽ እዪው፣ ነጭ አምፖል ከሆነ ያደበዝዘዋል ቢጫው ይሻላል። ወደ ቡናማ የሚያደላውን ብርቱካናማ ምረጪ፣ ከእንጨቱ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው የሚመስለው።

ቡፌውን ደሞ አደራ፣ አዲስ ቫርኒሽ እንዳታስቀቢው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ ወዲያው አድርቂው፣ ይበቃዋል።