የካንሰር መድኃኒት በእርሾ ላይ መፈተን ሥራ ያስገኛል?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የባዮሎጂ ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ ሲስፕላቲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት በዳቦ እርሾ ላይ ልፈትን አስቤያለሁ። እርሾውን ከሱቅ ብገዛ ያስኬዳል? ሥራስ ያስገኝልኛል?

መልስ፦ ርዕሱን ያዢው፤ መድኃኒቱንና እርሾውን ግን ቀይሪ። ሲስፕላቲን ለጀማሪ አይመችም። ብዙ መድኃኒት የሚሟሟበት ዲኤምኤስኦ ኃይሉን ያዳክመዋል፤ ውጤት ስታጪ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አታውቂም። ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው ሌላ የካንሰር መድኃኒት ግን በውኃ ይሟሟል፤ የሚያግደውም ዲኤንኤ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ኤንዛይም ነው፣ በሰውም በእርሾም።

የሱቅ እርሾ ጂኑ በውል ስለማይታወቅ ማነጻጸሪያ የለውም። የሚያስፈልግሽ የታወቀ የላብራቶሪ ዝርያና ከእሱ የወጣ፣ ራድ52 የተባለው የዲኤንኤ ጠጋኝ ጂን የጎደለው አቻው ነው።

1.52 ግራም ሃይድሮክሲዩሪያ በውኃ አሟሙተሽ 10 ሚሊ ሊትር አድርሺውና አጣሪው። የቀለጠው አጋር (እርሾው የሚያድግበት፣ ሲበርድ የሚረጋ ምግብ) ወደ 50 ዲግሪ ሲበርድ በ95 ሚሊ ሊትር ላይ 5 ሚሊ ሊትር ጨምሪ፤ 100 ሚሊሞላር ይሆናል። ሳህን ላይ አፍስሰሽ አርጊው፤ መድኃኒት የሌለበት ሳህንም ለማነጻጸሪያ አዘጋጂ። ዱቄቱን ስትመዝኚ ጓንትና ማስክ አድርጊ፤ ትርፉንም ሲንክ ውስጥ አትድፊ። ሁለቱን ዝርያዎች በማደግ ላይ እያሉ ወደ እኩል ድፍርስነት (በ600 ናኖሜትር 0.5) አምጪ፤ ከዚያ አራት ጊዜ አሥር አሥር እጥፍ አቅጥነሽ ከእያንዳንዱ 5 ማይክሮ ሊትር በሁለቱም ሳህኖች ላይ ጠብ አድርጊ። ሳህኑ ካልደረቀ ጠብታዎቹ ይቀላቀላሉ። በ30 ዲግሪ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይቆይ።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ንባቡ ላይ ነው። መድኃኒት የሌለበትን ሳህን አስቀድመሽ እዪ። ራድ52 የሌለው እዚያም ከሳሳ፣ መድኃኒቱ ባለበት ሳህን ላይ የምታዪው ልዩነት ሁሉ የመድኃኒቱ አይደለም። እዚያ የሳሳውን ያህል ቀንሰሽ አንብቢ።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ሲቪሽ ላይ «የካንሰር ተመራማሪ» ብለሽ አትጻፊ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ያጋልጥሻል። «ከብክለት በጸዳ መንገድ መሥራት፣ ተከታታይ ማቅጠን፣ በማነጻጸሪያ ውጤት ማንበብ» በዪ። የመድኃኒትና የቢራ ፋብሪካዎች የጥራት ቁጥጥር ላብራቶሪ የሚፈልገው ይህን ነው። ጥቁር አንበሳን በመሰሉ ሆስፒታሎች የታካሚ ናሙና ለመመርመር ግን የሕክምና ላብራቶሪ ሙያ ፈቃድ ይጠየቃል፤ የባዮሎጂ ዲግሪ ብቻውን አይበቃም።

ፕሮፖዛሉን ከመጻፍሽ በፊት አማካሪ መምህርሽን ራድ52 የጎደለው ዝርያ ፍሪዘር ውስጥ እንዳለ ጠይቂ። ከሌለ ከውጭ ማስመጣቱ ጊዜሽን ሊበላው ስለሚችል ያለውን ሌላ ሚውታንት (ጂኑ የተለወጠ ዝርያ) ያዢ።