«ቅልጥሜ ሌሊት ይጠዘጥዘኛል»

ሰላም ጋሼ፣

ደሴ ነው የምኖረው፤ 26 ዓመቴ ነው። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትሩን ከአንድ ሰዓት በታች ለመጨረስ እየተዘጋጀሁ ነው። እስከ ሚያዝያ ድረስ በሳምንት 20 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አብዛኛውን ቦሩ ሜዳ ላይ እሮጥ ነበር። ከግንቦት ጀምሮ እየጨመርኩ ሄጄ 45 አደረስኩት። ክረምቱ ሲገባ ሜዳው ስለጨቀየ ወደ አስፋልት ወጣሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር በሐረጎ ቁልቁለት አድርገን ኮምቦልቻ ድረስ እንወርድና በሚኒባስ እንመለሳለን።

ሕመሙ ግራ እግሬ ላይ ነው፤ ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ቅልጥሜ በውስጥ በኩል። መጀመሪያ ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኝ ነበር። አሁን ግን እስከ መጨረሻው አብሮኝ ይሮጣል፣ በማግስቱ ደረጃ ስወርድ ያመኛል፣ ሰሞኑን ደግሞ ሌሊት ተኝቼ ይጠዘጥዘኛል። አንዲት ነጥብ ላይ ሲነካ ያስጮኸኛል። ወጌሻ ዘንድ ሄጄ በቅባት ጠበቅ አድርገው አሹልኝ፤ ለሁለት ቀን መርገጥ አቃተኝ። ከሩጫ በፊት ዲክሎፌናክ ስውጥ ቀለል ይለኛል። ጫማዬ ከሳልባጅ የገዛሁት ነው፤ ሶሉ ገና አላለቀም።

የምሮጠው ጧት 12 ሰዓት ነው። ከዚያ በሻይ ብቻ ወደ ሥራ እገባለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፣ አሁን ደግሞ ፍልሰታ ገብቷል። 4 ኪሎ ቀንሼ 50 ገብቻለሁ፤ ቀለል ማለቴንስ ወድጄዋለሁ። የወር አበባዬ ከግንቦት መጀመሪያ ወዲህ አልመጣም፤ አብራኝ የምትሮጥ ልጅ «ጠንክረሽ ስትሠሪ ያለ ነው» ብላኛለች። ስንት ቀን ልረፍ? የትኛው መድኃኒት ይሻለኛል? ለኅዳር እደርሳለሁ?

ሯጯ፣ ከደሴ

ምላሽ

እህቴ፣ ከዛሬ ጀምረሽ ሩጫውን አቁሚ። «ቀለል አድርጌ ልሩጥ» የሚባለውም ይቅር። ሌሊት የሚጠዘጥዝ ሕመም፣ አንዲት ነጥብ ላይ የተሰበሰበ ሕመምና ሦስት ወር የቀረ የወር አበባ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ ተቃራኒው በምርመራ እስኪታወቅ ድረስ አጥንቱ ተሰንጥቋል ብሎ መነሳት ነው የሚያዋጣው።

በዚያ ቦታ የሚመጣ የሯጭ ሕመም በብዛት ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው የአጥንቱ ሽፋንና ከእሱ ጋር የተያያዘው ጅማት ሲቆጣ የሚመጣ ነው። ቅልጥሙን ተከትሎ ይሰራጫል፣ ሰውነት ሲሞቅ ይቀንሳል፣ ሲያርፉ ይተዋል። ሁለተኛው አጥንቱ ራሱ በድግግሞሽ ብዛት የሚያወጣው የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ነው። ይሄኛው በሮጡ ቁጥር ይብሳል፣ ቀስ በቀስም ወደ እርምጃና ወደ እንቅልፍ ይዘልቃል። ያንቺ ከመጀመሪያው ተነስቶ ወደ ሁለተኛው የተሻገረ ይመስላል።

በእጅሽ እንዲህ ፈትሺው። ተቀምጠሽ ጉልበትሽን እጠፊ። ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት እብጠት ጀምረሽ የቅልጥሙን ውስጠኛ ጠርዝ በአውራ ጣትሽ ጫፍ ቀስ እያልሽ ወደ ላይ ተጫኚ፤ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር እየሄድሽ የሚያምሽን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊበት። የሚያመው መስመር ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ወደ መጀመሪያው ያደላል። በአንድ አውራ ጣት የሚሸፈን ነጥብ ከሆነ ወደ ስንጥቁ ያደላል። ብዙዎች በአንድ እግር ዘልለው ይሞክራሉ፤ አንቺ እርምጃም እያመመሽ ስለሆነ አትዝለዪ። ሕመሙ ከፊት ለፊት መሐል ቅልጥም ላይ ወይም ብሽሽት ውስጥ ከመጣ ደግሞ ቀን አትስጪው። እነዚያ ቦታዎች ላይ ያለ ስንጥቅ ወደ ሙሉ ስብራት ሊሄድ ይችላል።

ሐኪም ዘንድ ስትቀርቢ ምልክቱን አሳዪ፤ ሌሊት እንደሚያምሽና የወር አበባሽ እንደቀረም ሳትጠየቂ ተናገሪ። ኤክስሬይ ተነስተሽ «ምንም የለም» ቢሉሽ ወደ ሩጫ እንዳትመለሺ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ኤክስሬይ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ቀድሞ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። ያንን ማግኘት ካልቻልሽ እንዳለብሽ ቆጥረሽ አርፈሽ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ኤክስሬዩን ድገሚ።

እንዴት እዚህ እንደደረሰ ካላወቅሽ ግን ሲሻልሽ ያንኑ ትደግሚዋለሽ። አጥንት አዲስ ጫና ሲመጣበት ራሱን ያድሳል፤ የሚያድሰው ግን አስቀድሞ ያረጀውን እየሸረሸረ ነው። ሽርሸራው ጥቂት ሳምንት ይወስዳል፣ የተሸረሸረውን በአዲስ አጥንት መሙላት ግን ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ጫናው ከተጨመረ ሦስትና አራት ሳምንት በኋላ አጥንቱ ከመጠንከሩ በፊት የሚሳሳበት ጊዜ አለ። ትንፋሽና ጡንቻ በዚያን ጊዜ ለምደው ስለሚጠብቁ ሯጩ «በረታሁ» ብሎ ይጨምራል። አንቺ ኪሎ ሜትሩን ከእጥፍ በላይ ካሳደግሽ በኋላ፣ አጥንቱ ገና ሳይሞላ አስፋልቱንና ቁልቁለቱን ጨመርሽበት።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ውስጥ 600 ሜትር ገደማ ትወርጃለሽ። ቁልቁለት ሳንባን ስለማያስጨንቅ ቀላል ይመስላል፣ ቅልጥም ግን ከሜዳው ይልቅ የሚመታው እዚያ ነው። እርምጃሽ ይረዝማል፣ እግርሽ ከሰውነትሽ ቀድሞ ተዘርግቶ ያርፍና እንደ ፍሬን ይይዛል። ያ ምት ሺዎች ጊዜ ይደጋገማል። ከዚህ ላይ የአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ቦዩ ያዘነበለ በመሆኑ፣ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ስትሮጪ ሁለቱ እግሮችሽ እኩል አይሸከሙም። ለ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር አያስፈልግሽም። በሳምንት አንዴ 12 ወይም 14 ኪሎ ሜትር በሜዳ ከሮጥሽ ይበቃል። የሐረጎን ነገር ለዚህ ዓመት ተዪው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። የወር አበባ መቅረት የብርታት ምልክት አይደለም። ጓደኛሽ ያለችው ብዙ ሴት ሯጮች ዘንድ የሚነገር ነው፤ ስንቷን ለስብራት እንደዳረገ ግን አይነገርም። ከምትበይው ላይ ሩጫው ድርሻውን ሲወስድ የሚቀረው ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለአጥንትና ለሆርሞን የሚካፈል ነው። የቀረው ካልበቃ ሰውነት ለዕለት ሕይወት የማያስፈልገውን ያቆማል፤ ቀድሞ ከሚቆሙት አንዱ የወር አበባ ነው። አብሮ የሚወርደው ኤስትሮጅን ደግሞ አጥንት ከሚገባው በላይ እንዳይሸረሸር የሚጠብቀው ሆርሞን ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለች ሯጭ ጫማ ብትቀይር፣ ብትታሽ፣ አንድ ወር ብታርፍም ስንጥቁ በሌላ ቦታ ሊመለስባት ይችላል።

ስለዚህ ምርመራው እግር ላይ ብቻ አይቁም። መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ይደረግ፤ ቀጥሎ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን፣ የደም መጠንና ፌሪቲን፣ ማለት የብረት ክምችት፣ ይታይ። የወሊድ መከላከያ ክኒን ተሰጥቶሽ ደም ቢመጣ «ተስተካከለ» እንዳትዪ። ያ ደም ክኒኑ ያመጣው ነው፤ አጥንቱን የሚመልሰው ምግብና ዕረፍት ነው።

የቀነስሽውን 4 ኪሎ መልሺ። ወደ ሩጫ ከተመለስሽ በኋላ ደግሞ እንዲህ ይሁን፦ ከመውጣትሽ በፊት አንድ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ፣ ከተመለስሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙሉ ቁርስ። ለክብደትሽ ወደ 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሻል፤ 5 የሾርባ ማንኪያ በሶ ከ1 ማንኪያ ማር ጋር ያንን ያህል ይሆናል። ከእሱ ጋር 3 እንቁላል፣ በጾም ቀን ደግሞ ጠገብ ያለ ሽሮ ወይም ምስር በእንጀራ። ለካልሲየም ወተት፣ በጾም ጎመንና ሰሊጥ። ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዙ ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። ቤታችን ውስጥ ቡና ከማዕድ ቶሎ እንደሚከተል አውቃለሁ፤ ፌሪቲንሽ ዝቅ ካለ ግን የመጀመሪያው ስኒ ይለፍሽ።

ስለ ጾሙ የምወስንልሽ እኔ አይደለሁም። ለንስሐ አባትሽ ታምሜያለሁ፣ አጥንቴ ተጎድቷል ብለሽ እንዳለ ንገሪያቸው። ስትድኚም ረቡዕና ዓርብ ሩጫውን ከጧት ወደ 11 ሰዓት አዙሪው፤ 9 ሰዓት ላይ በልተሽ፣ ሁለት ሰዓት አሳልፈሽ ትሮጫለሽ፣ ራትም ይከተላል። ጧት ሮጦ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ግን ለአጥንትሽ አይሆንም። በረመዳን የሚሮጡ አንባቢዎቻችንም ልክ እንዲሁ፣ ጠንከር ያለውን ልምምድ ከኢፍጣር ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ያድርጉት፤ ከኢፍጣር በፊት ከሆነ አጭርና ቀላል ይሁን።

ዲክሎፌናኩን ከሩጫ በፊት መውሰድ አቁሚ። ሕመሙን ሸፍኖ የተሰነጠቀ አጥንት ላይ ያስሮጥሻል፣ የአጥንትን መጠገን ሊያዘገይ ይችላል፣ በላብ ውሃ ላጣ ሰውነትም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ወጌሻው ባትሽን፣ ሥጋውን፣ ቢያሹልሽ አይከፋም፤ የቅልጥሙን አጥንት ግን ማንም አይጫነው። የተሰነጠቀን አጥንት ማሸት ቁስል መጎርጎር ነው።

ጫማውን በውጭ ሶሉ አትፍረጂው። ምቱን የሚቀበለው መሐል ያለው ስፖንጅ ነው፤ እሱ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይሞታል፣ ቢቀመጥም ይደርቃል። ጎኑን በአውራ ጣትሽ ተጫኚ፦ ድንጋይ ከሆነብሽ ወይም ቋሚ ሽብሽባት ካለው አልቋል። ጠረጴዛ ላይ ከኋላ በኩል ስታዪው ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካጋደለም አትግዢው። ሳልባጅ ውስጥ ጥሩ ጫማ አይጠፋም፤ ግን ይህን አይተሽ ምረጪ።

መልሶ መጀመሩ እንዲህ ነው። 30 ደቂቃ በፍጥነት ተራምደሽ፣ ሌሊት ሳያምሽ፣ ነጥቡም ሲጫኑት ሳያምሽ 7 ተከታታይ ቀን እስኪሞላ ድረስ ሩጫ የለም። ስንጥቅ ከሆነ ይህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ያንን ጊዜ ጂም ሄደሽ በብስክሌት አታካክሺው። ሰውነትሽ ምግቡን ለጥገና ይፈልገዋል።

ከዚያ ቀን እየዘለልሽ፣ በደልዳላ መሬት 1 ደቂቃ ሮጠሽ 2 ደቂቃ ተራመጂ፤ ስምንት ጊዜ። ይህንኑ ሦስት ቀን ያለ ሕመም ከሠራሽ በኋላ 2 ደቂቃ ሩጫ በ1 ደቂቃ እርምጃ፣ ቀጥሎ 4 በ1 አምስት ጊዜ፣ ቀጥሎ 8 በ1 ሦስት ጊዜ፣ በመጨረሻ 25 ደቂቃ ሳታቋርጪ። ነጥቡ ካመመሽ ሁለት ቀን አርፈሽ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመለሺ። ሽፋኑ ብቻ ከነበረ የተቆጣው፣ ከ10 ነጥብ 2 ወይም ከዚያ በታች የምትሰጪው ቀላል ሕመም ችግር የለውም፤ ለአጥንት ግን የሚፈቀደው ዜሮ ነው።

እርምጃሽንም አሳጥሪ። የቀኝ እግርሽን ማረፊያ 30 ሴኮንድ ቁጠሪና በ4 አባዢው። 40 ከሆነ በደቂቃ 160 ነው፤ ወደ 168 ለማድረስ በዚያው ፍጥነት 42 ማድረግ በቂ ነው። እግርሽ ከሰውነትሽ ስር ማረፍ ይጀምራል፣ ቅልጥሙ ላይ የሚደርሰውም ይቀንሳል። ባትን ለማጠንከር ደረጃ ጫፍ ላይ ቆመሽ ተረከዝሽን ቀስ ብለሽ አንሺና አውርጂ፤ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ አንዴ ጉልበት ዘርግተሽ፣ አንዴ ጉልበት ትንሽ አጥፈሽ። ሁለተኛውን ብዙዎች ይዘሉታል፣ ቅልጥምን በሩጫ የሚያግዘው ጥልቁ የባት ጡንቻ ግን የሚሠራው በእሱ ነው። በአንድ እግር 20 ጊዜ እስኪደርስ በሳምንት ሦስት ቀን ቀጥዪ።

የኅዳሩ ውድድር ላይ ስደርስ፣ የተቆጣው ሽፋኑ ብቻ ከሆነ በነሐሴ መጨረሻ ጀምረሽ 10 ኪሎ ሜትሩን መጨረስ ትችያለሽ፤ ደሴና አዲስ አበባ በከፍታ ስለሚቀራረቡ አየሩ አይከብድሽም። ስንጥቅ ከሆነ ግን ሩጫ የምትጀምሪው መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ ከአንድ ሰዓት በታች የሚለውን ለሚቀጥለው ዓመት አሳድሪው፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ 25 ደቂቃውን ያለ ሕመም ከጨረስሽ እየሮጥሽም እየተራመድሽም ልትሄጂ ትችያለሽ። ካልጨረስሽ ወይም የወር አበባሽ ካልተመለሰ አትሂጂ።