«ልጆቼን እወዳለሁ፤ ተመስገን ማለት ግን አቃተኝ»

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ሴቷ ልጄ 8 ዓመቷ ነው። ወንዱ 4 ሊሞላው ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ። ምሳ ዕቃ ሞልቼ፣ ልጆቹን አልብሼ፣ ሰርቪስ ላይ አሳፍሬ የታክሲ ሰልፍ ላይ እቆማለሁ። ማታ ቤት ስገባ 1 ሰዓት ያልፋል። ባለቤቴ ከ3 ሰዓት በፊት አይመጣም። መጥቶም ጀሪካኖቹን ሞልቶ ይተኛል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ ያውም ሌሊት።

ልጆቼን እወዳለሁ። ግን ደስታው የለኝም። ታላቅ እህቴ ካገባች 9 ዓመት ሆናት፤ ልጅ አላገኘችም። ደከመኝ ባልኩ ቁጥር ‹አንቺ እኮ ሁለት ልጅ አለሽ፣ ተመስገን በይ› ትለኛለች። እውነቷን ነው። አፌ ተመስገን ይላል። ልቤ ግን ባዶ ነው። ‹ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ላኪልኝ› ብትለኝም አፍሬ እምቢ አልኳት።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ስገባ ልጄ በር ላይ ውሃ ይዛ ጠበቀችኝ። ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞልታዋለች። ከኩሽና እስከ በሩ ድረስ ወለሉ ረጥቧል። ውሃ በጠፋበት ሰሞን! ጮህኩባት። ምንም አላለችኝም። መወልወያውን አምጥታ ወለሉን መወልወል ጀመረች። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ምን ዓይነት እናት ነኝ? ምስጋና ቢስ ሆኜ ነው እንዴ?»

ሰ. ነኝ

መልስ

እህቴ ሰ.፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ወለሉ ከየት እስከ የት እንደረጠበ ነግረሽኛል። ውሃውን ጠጥተሽው እንደሆነ ግን አልጻፍሽም። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ ፈልጌ አይደለም። የጠየቅሽኝ ነገር መልሱ እዚያች ብርጭቆ አካባቢ ያለ ስለሚመስለኝ ነው። ቆይቼ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ድካምሽ እናውራ። «ልጆቼን እወዳለሁ፣ ደስታው ግን የለኝም» ብለሻል። ይህን ስትጽፊ ያፈርሽ ይመስለኛል። አትፈሪ። በ2004 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማን ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ ቴክሳስ 909 ሠራተኛ ሴቶችን አንድ ነገር ጠየቀ። የትናንት ውሏቸውን ከጠዋት እስከ ማታ በዝርዝር እንዲጽፉ፣ እያንዳንዱን ነገር ሲያደርጉ ምን እንደተሰማቸውም እንዲናገሩ። ልጅ መንከባከብ በደስታ ደረጃ ወደ ታች ወረደ። ምግብ ከማብሰልና ቴሌቪዥን ከማየት በታች ሆነ። የመጨረሻውን ቦታ የያዘው ደግሞ የሥራ መንገድ ነው። እነዚህ እናቶች ልጆቻቸውን አይወዱም ማለት አይደለም። ፍቅር ሌላ ነው፤ ጫማ እያሰሩ፣ እየተለመኑ፣ እየተቻኮሉ የሚያሳልፉት ሰዓት ሌላ ነው። አንቺ ደግሞ የታክሲ ሰልፉንም የልጆቹንም ሰዓት በአንድ ቀን ደራርበሽ ነው የምትኖሪው። በዚያ ላይ 4ኛ ፎቅ፣ በዚያ ላይ ውሃ የለም። ቢደክምሽ ምን ይገርማል?

አሁን ወደ «ተመስገን» ልምጣ። ትልቅ ቃል ነው። አገራችን ውስጥ ክርስቲያኑ ተመስገን፣ ሙስሊሙ አልሐምዱሊላህ ሳይል አይውልም። የታመመ ሰው እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲባል መጀመሪያ አመስግኖ ነው ሕመሙን የሚናገረው። ልብ በይ፦ አመስግኖ ይናገራል። ማመስገኑ ሕመሙን እንዳይናገር አይከለክለውም። አንቺ ጋር የደረሰው ተመስገን ግን ሌላ ሥራ እየሠራ ነው። የድስት ክዳን ሆኗል። «ደከመኝ» ስትዪ ቶሎ ይከደንብሻል። የተከደነ ድስት ደግሞ መፍላቱን አያቆምም። ሐሙስ ማታ የገነፈለው እሱ ነው።

እህትሽን አልወቅሳትም። 9 ዓመት ልጅ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የጠበቀ ሰው ነው። ሰው ሁሉ «ምነው ዝም አልሽ?» እያለ ሆዷን ሲያያት ኖራለች። አንቺ ስለ ልጆችሽ ስታማርሪ የምትሰማው ሌላ ነገር ነው። ግን የእሷ ሐዘን የአንቺን ድካም አይሰርዘውም። የአንቺ ድካምም የእሷን ሐዘን አያሳንሰውም። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሁለታችሁ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ሁለቱንም ልታወሩ ትችላላችሁ። «እህቴ፣ ልጅ በማግኘቴ ሳላመሰግን ቀርቼ አይደለም፤ ዛሬ ግን ደክሞኛል፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ» በያት። ከዚያ ደግሞ አንቺም ጠይቂያት። ምናልባት ስለ እሷ ጉዳይ ከጠየቃት ሰው ብዙ ቀን ሆኖት ይሆናል።

እና ቅዳሜ ልጆቹን ላኪላት። በደንብ አስቢበት። ማመስገን የሚጀምረው ከመቀበል ነው። የተዘረጋልሽን እጅ በሐፍረት እየመለስሽ «ለምን የምስጋና ስሜት የለኝም?» ብትዪ ከየት ይመጣል? ልጆቹን መላክሽ ቁስሏን ይነካባት ይሆን ብለሽ ከሰጋሽ ራሷን ጠይቂያት። ግን ላኪልኝ ያለችው እሷ ናት። የምትፈልገውን የምታውቅ ትልቅ ሰው ናት።

«ምስጋና ቢስ ሆኜ ነው እንዴ?» ላልሽው፣ አይደለም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይሉ የለ ወላጆቻችን? ሥነ ልቦና ውስጥ ይህንኑ «መላመድ» እንለዋለን። አእምሮ በየቀኑ የሚያየውን ነገር መቁጠር ያቆማል። ልጅሽ የመጀመሪያ ቀን «እማ» ስትል አልቅሰሽ ይሆናል። ዛሬ በቀን መቶ ጊዜ ስትጠራሽ «ምንድነው ደግሞ?» ትያለሽ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። ሁለተኛው ነገር ደግሞ አእምሯችን ከመልካሙ ይልቅ ለተበላሸው ነገር ይነቃል። አደጋ ካለ ቶሎ እንዲያይ ነው የተሠራው። ሲደክምሽ ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው በሩን ስትከፍቺ መጀመሪያ ወለሉን ያየሽው። ወለሉ ችግር ነበር። ልጅቷ ግን ችግር አልነበረችም፤ ስለዚህ ዓይንሽ አለፋት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባዶነቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ የሚቆይ ነው? በፊት ያስደስትሽ የነበረው ሁሉ ጣዕሙን አጥቷል? እንቅልፍሽና የምግብ ፍላጎትሽ ተዛብቷል? «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብስ ይመጣብሻል? መልስሽ አዎ ከሆነ ነገሩ የምስጋና ጉዳይ አይደለም። ድባቴ ሊሆን ይችላል። ድባቴ ሕመም ነው፤ ይታከማል። ቅርብሽ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ንገሪያቸው፤ ወይም አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታል ሂጂ። መሞትን የሚያስብ ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ለባለቤትሽ ተናግረሽ አብራችሁ ሂዱ።

ድካምና መላመድ ብቻ ከሆነ ግን የሚሠራ ነገር አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክሎው የሚባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ለ10 ሳምንት አጠኑ። አንዱ ቡድን በሳምንት አንድ ቀን የሚያመሰግንበትን እስከ አምስት ነገር ይጽፋል። ሌላው ያናደደውን ይጽፋል። በመጨረሻ ያመሰገኑት ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው፤ ያማል የሚሉትም ቀነሰ። ቆየት ብሎ የሌላዋ ተመራማሪ የሶንያ ሊዩቦምርስኪ ቡድን የሚገርም ነገር አገኘ። በሳምንት አንዴ የጻፉት ተጠቀሙ። በሳምንት ሦስቴ የጻፉት ግን አልተጠቀሙም። ሲበዛ ምስጋናም እንደ ሌላው ነገር ይለመዳል መሰለኝ፤ የቤት ሥራ ይሆናል። አንቺ ላይ ደግሞ ሌላ የቤት ሥራ መጨመር አልፈልግም።

ስለዚህ ደብተር ግዢ አልልሽም። ቤታችሁ ቡና ይፈላል አይደል? ቢያንስ እሑድ? ይበቃል። አቦሉንና ቶናውን እንደፈለጋችሁ ጠጡ። በረካው ሲቀዳ፣ ፈንዲሻው ሳያልቅ፣ እያንዳንዱ ሰው እዚያ ቤት ካሉት ውስጥ አንድ ሰው በዚያ ሳምንት ያደረገለትን አንድ ነገር ይናገር። በረካ እኮ በረከት ነው። ሽማግሌዎች በረካ ላይ ሲመርቁ ያደግን ሰዎች ነን፤ ሥርዓቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ጠብቂ፦ ነገሩ የተወሰነ ይሁን። «ልጆቼ ጤነኛ ስለሆኑ» መልካም ነው፤ ግን ዘጠኝ ሳምንት ብትደጋግሚው ባዶ ይሆናል። «ማክሰኞ ወንድምሽ ሲያለቅስ ካልሲውን ፈልገሽ ስላገኘሽለት ሰርቪስ አላመለጠንም» ብትያት ግን ልጅቷ ዓይኗ ሲበራ ታያለሽ። ታይታለቻ!

ከትንሹ ብዙ አትጠብቂ። 4 ዓመት ገና ነው። ሰው ለእኔ ብሎ አስቦ ለፋ የሚለው ነገር በዚህ ዕድሜ ገና መብቀሉ ነው። «ፈንዲሻውን አመሰግናለሁ» ቢል ተቀበሉት። ሳትስቁበት።

ምስጋናን በዕዳ መልክ ግን አትጠይቂ። ይህ ብዙ ቤት ውስጥ አለ። «ለናንተ ብዬ ነው የምለፋው፣ ምስጋና ቢሶች!» እንላለን። «ስንት ልጅ የሚበላው አጥቶ…» እንላለን። እኔም እናት ነኝ፤ ከአፌ ወጥቶ ያውቃል። ልጅ ይህን ሲሰማ የሚሰማው ምስጋና አይደለም። ባለዕዳነት ነው። ባለዕዳ ደግሞ አበዳሪውን ይሸሻል። ልጆች ማመስገን የሚማሩት ራሳቸው ሲመሰገኑ ነው። እናትና አባታቸው እርስ በርስ ሲመሰጋገኑም ሰምተው።

ይህ ደግሞ ወደ ባለቤትሽ ያመጣናል። ደብዳቤሽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የደረሰው፦ ጀሪካን ሞልቶ ይተኛል። በ1979 እ.ኤ.አ. ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች ባልና ሚስቶችን የቤቱን ሥራ ምን ያህሉን እንደሚሠሩ ለየብቻ ጠየቋቸው። የሁለቱ መልስ ሲደመር በአብዛኛው ከሙሉው በለጠ። ውሸታም ሆነው አይደለም። ሰው የራሱን ልፋት ያስታውሳል፤ የሌላውን አያየውም፤ ተኝቶ ነበራ። ሌሊት ውሃ ሲጠብቅ አንቺ ተኝተሻል። አንቺ 11 ሰዓት ስትነሺ እሱ ተኝቷል። ሁለታችሁም ሳትተያዩ ነው የምትለፉት።

ግን ግልጽ ልሁን። ምስጋና የሥራ ክፍፍልን አይተካም። ካንቺ ላይ የሚነሳ ሥራ ካለ ይነሳ። ለምሳሌ ምሳ ዕቃው ማታ ይዘጋጅ፤ በሳምንት ሁለት ቀን እሱ ያዘጋጀው። ይህን ስትጠይቂ ግን ከጀሪካኑ ጀምሪ። «ሌሊት ተነስተህ ውሃ እንደምትሞላ አውቃለሁ። አንድም ቀን አመስግኜህ አላውቅም» በይው። ባለቤትሽ «ለቤቴ ሠርቼ ምን እመሰገናለሁ» የሚል ዓይነት ሰው ሊሆን ይችላል። ብዙ ወንዶቻችን እንደዚያ ነው ያደጉት። ይበል። መስማቱ ግን አይቀርም። ከዚያ ስለ ምሳ ዕቃው አውሩ።

ብርጭቆዋን አልረሳኋትም። የ8 ዓመት ልጅ እናቷ በስንት ሰዓት እንደምትገባ አስልታ፣ ጠምቷታል ብላ አስባ፣ ከጀሪካን ቀድታ፣ እስከ አፉ ሞልታ፣ በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ሄዳለች። ለምን እስከ አፉ እንደሞላችው ገምቺ። ሲቆጧት ደግሞ መወልወያ አመጣች። ልጅቷ ማመስገን ታውቅበታለች። ከየት ተማረችው? ዘመድ ሲገባ መጀመሪያ ውሃ የምታቀርቢው አንቺ አይደለሽም?

ዛሬ ማታ ስትገቢ ቦርሳሽን አስቀምጪ። ከጎኗ ቁጭ በይ። «ሐሙስ ዕለት ውሃ አምጥተሽልኝ ነበር፤ ጮህኩብሽ፤ ይቅርታ» በያት። ስለ ደሞዙ፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ ድካሙ አታስረጃት። ምናልባት «የቱ ውሃ?» ትልሽ ይሆናል። ልጆች ይረሳሉ፤ ወይም የረሱ ይመስላሉ። ያኔ ንገሪያት። ብርጭቆው የትኛው እንደነበረ፣ በስንት እጇ እንደያዘችው፣ አንቺም ምን ያህል ጠምቶሽ እንደነበር።