የልጅሽ ዘንዶ ቤቱ ጠቦታል

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እናት ጻፈችልኝ። ልጇ የሚያሳድገው ቦል ፓይተን የሚባል ትንሽ ዘንዶ 4 ጫማ ደርሷል። ያለው ባለ 20 ጋሎን የመስታወት ታንክ ውስጥ ነው። ክረምት ገብቶ የቤቱ ማሞቂያ ከበራ ወዲህ ቆዳውን ሲቀይር እየተቦጫጨቀ ይቀርበታል። «ሌላ ትልቅ መስታወት ልግዛ ወይስ ከእንጨት ትሠራልኛለህ?» ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ አገር ቤት እባብ ሲገባ ዱላ ነበር የምናነሳው፣ እዚህ ቤት እንሠራለታለን። ይሁን።

ታንኩ መጥበቡ ጠቧል፤ ርዝመቱ 76 ሴንቲሜትር ግድም ነው፣ እባቡ ደግሞ 120። ቆዳውን ያበላሸው ግን ክዳኑ ነው። በሽቦ መረቡ በኩል ሙቀቱ ሲወጣ እርጥበቱንም ይዞት ይሄዳል። ይሄ እባብ ትውልዱ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው፣ ቀኑን የሚያሳልፈው አይጥ በቆፈረው ጉድጓድና ኩይሳ ውስጥ ስለሆነ ከ60 እስከ 80 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። እና ያው መረብ ያለበት ትልቅ መስታወት ብትገዢ ችግሩን አሳደግሽው እንጂ አልፈታሽውም።

እኔ አናጢ ነኝ፣ እንጀራዬ እንጨት ነው፣ ግን ለዚህ ሥራ ከፒቪሲ፣ ማለትም ከጠንካራ ፕላስቲክ ሰሌዳ የተሠራ ቤት ግዢ እላለሁ። 120 በ60 በ60 ሴንቲሜትር፣ በሩ ከፊት የሚከፈት። እጅ ከላይ ሲመጣበት እንደ ጭልፊት ነው የሚያየው። መጀመሪያ የሠራሁት የሜላሚን (ላዩ በፕላስቲክ የተለበጠ የተጨመቀ እንጨት) ቤት ነበር፤ የታችኛውን ጠርዝ ሲሊኮን ሳልቀባ ተውኩት፣ በዓመቱ እርጥበት ጠጥቶ አበጠ፣ የተንሸራታቹ መስታወት ሐዲድ ተጣመመ፣ እባቡም በዚያች ክፍተት ወጥቶ ከሦስት ቀን በኋላ ከፍሪጅ ጀርባ ተገኘ። የደንበኛዬን ሚስት ፊት አልረሳውም። የግድ እንጨት ካልሽ መጋጠሚያው ሁሉ ፀረ ሻጋታ ያልተጨመረበት ንጹሕ ሲሊኮን ይቀባ፣ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ቀናት ይናፈስ። ሴዳር የሚባለው ሽታ ያለው እንጨት ግን በጭራሽ፣ ዘይቱ ይመርዘዋል። ከምንም ቢሠራ ቁልፍ ይኑረው። እባብ በአፍንጫው ገፍቶ በር ይከፍታል።

ማሞቂያው በቴርሞስታት (ሙቀቱን በሚቆጣጠር መሣሪያ) ይሥራ፣ በዚህ አልደራደርም። አንዱ ጫፍ 31 ወይም 32 ዲግሪ፣ ሌላው 26 አካባቢ። በኤሌክትሪክ የሚግል ድንጋይ ካለ ጣዪው፣ ሆዱን ያቃጥለዋል።

«ሰፊ ቤት ያስጨንቀዋል፣ መብላት ያቆማል» የሚሉሽ ይኖራሉ። የሚያስጨንቀው ባዶነቱ ነው። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት መደበቂያ አድርጊ፣ ተጠቅልሎ ሲገባ ጎኑን የሚነካው ጠባብ ነገር ይሁን፣ መሃሉን በቅርንጫፍና በፕላስቲክ ቅጠል ሙዪው።

እስኪገዛ ድረስ ከመረቡ አብዛኛውን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኚ፤ መብራቱ ያለበትንና ትንሽ የአየር መግቢያ ተዪ። የቀረበትን ቆዳ እንዳትጎትቺ። አየር የሚገባበት ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ በለብታ ውሃ የራሰ ፎጣ አንጥፈሽ ግማሽ ሰዓት አስቀምጪው፣ ራሱ እየተሻሸ ያወልቀዋል። ዓይኑ ላይ የቀረ ካለ ግን እጅሽን አታስገቢ፣ ለእንስሳት ሐኪም አሳዪው።